ምልክቱ ስለ ምን ይገለበጣል?

የትምህርት ቤታችን መጽሔት በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣበት ጊዜ ስለ ትጋት፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ ስፖርት የሚጽፍ ሰው አይታጣም። ስለ ሒሳብ የሚጽፍ ግን ብዙም አላየሁም። ምናልባት ሒሳብ አስተያየት የሚሰጥበት ነገር አይደለም፤ ሁለትና ሁለት አራት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል? ተብሎ ይሆናል። እኔም ብሆን በሒሳብ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ሒሳብን በምንማርበት መንገድ ላይ ነው። መምህራኖቻችንም፣ ወላጆቻችንም፣ ጓደኞቼም ይህን ገጽ ስለሚያነቡት አሳቤን እዚህ ለማቅረብ ደፈርሁ። ስሕተት ሆኖ ከተገኘ መታረምን አልጠላም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ቀላል ጥያቄ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በተሰጠን ፈተና ላይ 2ሀ < −8 የሚል ጥያቄ ነበረ። በክፍል የምንጽፈው የላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን በፊደላችን ሀ እያልሁ እጽፋለሁ። የማይታወቀው ቁጥር ሀ በሁለት ሲባዛ ከኔጌቲቭ ስምንት ያንሳል፤ እንግዲህ ሀ ምን ምን ሊሆን ይችላል? ማለት ነው። እኔም ሁለቱን ወገን ለ2 አካፈልሁና ሀ > −4 ብዬ ጻፍሁ። ምልክቱን የገለበጥሁት በደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ የተሰመረበት አንድ ደንብ ስለ ነበረ ነው። ደንቡ በሙሉ ቃሉ «በኔጌቲቭ ቁጥር ስታባዙ ወይም ስታካፍሉ ምልክቱ ይገለበጣል» የሚል ነበር። እኔ ግን ለማስታወስ እንዲቀለኝ አሳጥሬ «ኔጌቲቭ ካለ ገልብጥ» አድርጌ ይዤው ነበር። ኔጌቲቭ መኖሩን አየሁ፤ ገለበጥሁ። መምህሩም ሰረዙት።

ፈተናው ተመልሶ በተሰጠን ዕለት በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቼ ጋር ወረቀታችንን ስናስተያይ ያገኘነው ነገር የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነበረ። እኔ መገለበጥ የማይገባውን ገልብጫለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ −2ሀ < 8 በሚለው ጥያቄ ላይ መገለበጥ የሚገባውን ሳትገለብጥ ቀርታለች፤ ምክንያቷም «በቀኝ በኩል ያለው 8 ኔጌቲቭ አይደለምና» የሚል ነበር። ሦስተኛው፣ በክፍላችን ጎበዝ የሚባለው ልጅ፣ ሁለቱንም አግኝቷል። እንዴት እንዳወቀ ብንጠይቀው «ከፊደሉ ጋር የተጣበቀውን ቁጥር ብቻ እዩ» አለን። እኛም ይህን ሌላ ደንብ አድርገን በደብተራችን ላይ ጻፍነው። ምልክቱ ስለ ምን እንደሚገለበጥ ግን እሱም አያውቅም ነበር፤ እኛም አልጠየቅነውም። ደወሉ ተደወለና ሦስታችንም ሦስት ዓይነት ደንብ ይዘን ወደ ክፍል ገባን።

አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ መሳሳቴ አይደለም። የሚያሳፍረኝ ስሕተቴን ለማግኘት ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ መሆኑ ነው። ሀ > −4 ካልሁ፣ ዜሮ ከ−4 ይበልጣልና ዜሮ ከመልሶቹ አንዱ መሆን አለበት። ዜሮ በ2 ሲባዛ ዜሮ ነው። ዜሮ ከ−8 ያንሳልን? አያንስም። ዕዳ የሌለበት ሰው ስምንት ብር ዕዳ ካለበት ሰው ይልቅ ደኻ ነው ብሎ የሚከራከር ማን ነው? እኔ ግን በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ጽፌ፣ ስሜንም ከላይ ጽፌ፣ አስረክቤ ወጣሁ። ደንቡን ያዝሁ እንጂ የምለውን አልሰማሁም።

የነገሩ ምክንያት የገባኝ በክፍል ውስጥ አይደለም፤ በዐባይ በረሃ ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። በዚያው ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ወደ ደብረ ማርቆስ ጭነት ነበራቸውና አብሬያቸው እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ጎሐ ጽዮንን አልፈን ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል ማርሹን ቀነሱ። መንገዱ ቁልቁል ሲሆን መኪናው በራሱ የሚሄድ መስሎኝ ነበርና ስለ ምን እንደ ቀነሱት ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ዳገቱን በምትወጪበት ማርሽ ነው ቁልቁለቱንም የምትወርጂው። በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው ፍሬኑ ሲግል አይዝለትም፤ ያን ጊዜ በምን ሊቆም ነው?» አሉኝ። አባቴ ብዙ ትምህርት ቤት አልተቀመጡም። ነገር ግን ደንቡንና የደንቡን ምክንያት በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። እኔም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ መኪና መንዳት ሳልችል እንኳ አልረሳሁትም።

ከዚህ በኋላ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውንና በስልኬ ላይ ያለውን የከፍታ ማሳያ እየተመለከትሁ በደብተሬ ጀርባ መጻፍ ጀመርሁ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከላይ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ሲሆን ከታች ድልድዩ ዘንድ ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። እንግዲህ በ20 ኪሎ ሜትር መንገድ 1,400 ሜትር እንወርዳለን፤ 1,400 ለ20 ሲካፈል 70 ነው። በየኪሎ ሜትሩ 70 ሜትር ቁልቁል ማለት ነው። መንገዱ በየቦታው እኩል ባይወርድም አማካዩ ይህ ነው። እነሆ በክፍል ስሎፕ እያልን የምንጠራው፣ በአማርኛ ተዳፋት ልንለው የምንችለው ነገር ይህ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ −70 ሜትር። ኔጌቲቭ መሆኑ የሚነግረን ቁልቁል መሄዳችንን ብቻ ነው። (የሒሳብ መምህራን ይህን ሲያነቡ፣ ስሎፕ የሚለካው በአግድም ርቀት ነው እንጂ በመንገዱ ርዝመት አይደለም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነታቸውን ነው። ዳሩ ግን በመቶ ሰባት ያህል በሚወርድ መንገድ ላይ የሁለቱ ልዩነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።)

ስለዚህ ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ሀ ኪሎ ሜትር የተጓዘ መኪና ያለበት ከፍታ 2,500 − 70ሀ ነው። በጂኦግራፊ ትምህርታችን ከ1,500 ሜትር በታች ያለው አገር ቆላ ይባላል ተብለናል። አባቴ ወደ ታች እየተቃረብን ስንሄድ ካፖርታቸውን ማውለቅ ይፈልጉ ነበርና «ቆላ የምንገባው መቼ ነው?» ቢሉኝ እንዴት ልመልስ? ጥያቄው 2,500 − 70ሀ < 1,500 የሚል ነው። ከሁለቱም ወገን 2,500 ሲቀነስ −70ሀ < −1,000 ይሆናል። አሁን ለ−70 ማካፈል አለብኝ፤ ያ በቀይ የተሰመረበት ደንብ መጣ። ምልክቱን ሳልገለብጥ ባካፍል መልሴ ሀ < 14.3 ይሆናል። ይህም ማለት ገና ምንም ሳንሄድ፣ ሀ ዜሮ ሳለ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠን ቆላ ውስጥ ነን፤ ወደ ወንዙ ስንወርድና ላብ ሲያጠምቀን ግን ከቆላ ወጥተናል ማለት ነው። ይህን ለአባቴ ብነግራቸው ካፖርታቸውን ከማውለቅ ይልቅ ከመኪናው ያወርዱኝ ነበር። ምልክቱን ስገለብጥ ግን ሀ > 14.3 ይሆናል፤ ከ14 ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ስንል ቆላ እንገባለን። መንገዱም የሚለው ይህንኑ ነው።

ዳሩ ግን እስካሁን ያልሁት መልሱ ትክክል መሆኑን ብቻ ነው። ምክንያቱ የቱ ላይ ነው? ከፊታችን ሌላ የጭነት መኪና ይሄድ ነበር። በጠመዝማዛው መንገድ ላይ ከእኛ ቀድሞ ስለ ነበረ ከበታቻችን ሆኖ ጣራው ይታየን ነበር። እሱ ከእኛ የበለጠ መንገድ ሄዷል፤ ስለዚህም ከእኛ ያነሰ ከፍታ ላይ ነው። ከኋላችን የሚመጣው ደግሞ ከእኛ ያነሰ ሄዷል፤ ስለዚህ ከበላያችን ነው። በቁልቁለት ላይ በመንገድ የበለጠው በከፍታ ያንሳል፤ በመንገድ ያነሰው በከፍታ ይበልጣል። ሰልፉ ያው ሰልፍ ነው፤ ነገር ግን በመንገድ ሲለካና በከፍታ ሲለካ ተራው ይገለባበጣል። በኔጌቲቭ ቁጥር ማባዛትም ሆነ ማካፈል ማለት ይህ ነው፤ በቁልቁለት ላይ ቆሞ ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው መሻገር ነው። ምልክቱ የሚገለበጠው አንድ ሰው ይገለበጥ ብሎ ስላዘዘ አይደለም። ቁልቁለት ስለ ሆነ ነው።

ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት መውጣት ስንጀምር የቀደመን መኪና ከበላያችን ሆነ፤ የተከተለንም ከበታቻችን። አሁን የበለጠ የሄደ የበለጠ ከፍ ይላል። ስሎፑ ፖዘቲቭ ነው፤ ተራውም አይገለባበጥም። በዚያ በኩል ስሌቱን የሠራ ሰው ምልክቱን አይነካውም። እኔ በፈተናው ላይ ለ2 ሳካፍል የደጀንን ዳገት እየወጣሁ ነበርና ምልክቱን መገልበጤ ከንቱ ነበር። በቀኝ በኩል የነበረው −8 ኔጌቲቭ መሆኑ የሚናገረው ስላለንበት ቦታ ነው እንጂ ስለ መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት አይደለም። «ከፊደሉ ጋር የተጣበቀውን ቁጥር እዩ» ያለን ጎበዙ ጓደኛችንም እውነቱን ኖሯል፤ ከፊደሉ ጋር የተጣበቀው ቁጥር ስሎፑ ነውና። እሱ ግን ይህን ሳያውቅ ነበር እውነቱን የተናገረው።

ይህን ስረዳ ደስታዬ ያህል ቁጭቴም ነበረ። ምክንያቱም እኛ ክፍል ውስጥ ያለ እኩልነትን በአንድ ወር፣ ስሎፕን በሌላ ወር ተምረናል። አንዱን ጨርሰን፣ ተፈትነን፣ ረስተን ወደ ሌላው ሄድን። ሁለቱ የአንድ ነገር ሁለት ፊት መሆናቸውን የነገረን የለም። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአንድ የቁልቁለት መስመር ቢነገሩን ኖሮ ቀዩ ደንብ ባላስፈለገ ነበር፤ ወይም ቢያስፈልግ እንኳ እኛው ራሳችን ደርሰንበት በራሳችን እጅ በጻፍነው ነበር።

ስለ ስሎፕ ካነሣሁ ዘንድ በዚሁ ጥቂት ልቆይ። የተሰጠን ቀመር የከፍታው ልዩነት ከላይ፣ የአግድሙ ልዩነት ከታች ሆኖ ይካፈላል የሚል ነው። ቀመሩ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ብዙዎቻችን የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚጻፍ በፈተና ሰዓት ይጠፋናል። የጠፋው ሰው የሰፈሩን ግንበኛ ይጠይቅ። ግንበኛ የበረንዳ ወለል ሲሠራ ውኃ ልኩን አስቀምጦ፣ ዝናብ እንዳይተኛበት «በሜትር ሁለት ሳንቲም ዝቅ ይበል» ይላል። «በሜትር» ያለው አግድሙ ነው፤ «ሁለት ሳንቲም» ያለው ቁልቁሉ ነው። ቁልቁሉ ለአግድሙ ይካፈላል፤ ሁለት ለመቶ። ከላይና ከታች ተለዋውጦ ቢጻፍ «በሁለት ሳንቲም አንድ ሜትር» ይሆናል፤ ያ በረንዳ መሆኑ ቀርቶ ገደል ነው። ስንቶቻችን በፈተና ወረቀት ላይ ገደል ሠርተን በረንዳ ነው ብለን አስረክበናል!

ወይም የባቡሩን ሐዲድ እንመልከት። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ሐዲድ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ጅቡቲ በባሕር ዳር ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። 2,350ን ለ784 ብናካፍል በየኪሎ ሜትሩ ሦስት ሜትር ያህል ዳገት እናገኛለን። ከዐባይ በረሃው 70 ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። የብረት መንኰራኵር በብረት ሐዲድ ላይ ስለሚንሸራተት ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይደፍርም፤ ስለዚህ መሐንዲሶች ከፍታውን መቀነስ ባይችሉ አግድሙን ያረዝማሉ። ስሎፕ የሁለት ነገር ክፍልፋይ ነውና ከታች ያለው ሲረዝም ክፍልፋዩ ያንሳል። የዐባይ በረሃ መንገድ የሚጠማዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ አማካይ ብቻውን ሁሉን አይናገርም። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ከእርሷ በኋላ የሚገኘው አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። ወደ አዲስ አበባ «የሚወጣው» ባቡር በእነዚህ በሁለቱ መካከል በጠቅላላው ይወርዳል፤ የዚያ ክፍል ስሎፕ ኔጌቲቭ ነው። ይህን ጥያቄ አድርጎ ለክፍል ቢያቀርቡት፣ የጂኦግራፊውና የሒሳቡ መምህር ለአንድ ቀን አብረው ቢያስተምሩን ምን ክፋት አለው?

አሁን ደግሞ ወደ ቋንቋው ጉዳይ ልምጣ። በሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። «አት ሊስት» የሚል ቃል በጥያቄ ውስጥ ሲመጣ ብዙዎቻችን ማነስን የሚናገር ይመስለንና የ«ያንሳል»ን ምልክት እንጽፋለን። ይህ የእንግሊዝኛ ጥፋት ብቻ አይደለም። በአማርኛም «ቢያንስ» እንላለን፤ በውስጡ ማነስ አለበት። ነገር ግን አማርኛውን የሚሰማ ሰው አይሳሳትም። እናቴ «ቢያንስ አምስት ኪሎ ጤፍ ይዘሽ ነይ» ብትለኝ አራት ኪሎ ይዤ አልመለስም። ማነስ ቢመጣ እንኳ ከአምስት በታች አይውረድ ማለቷ ነውና። «ቢበዛ ሦስት መቶ ብር አውጪ» ብትለኝም አራት መቶ አላወጣም። «ከሃምሳ ያላነሰ»፣ «ከሃምሳ ያልበለጠ»፣ «ከሃምሳ በላይ»፣ «ከሃምሳ በታች» የሚሉትን አራቱን ሁሉ በቤታችን ስንጠቀምባቸው አድገናል። በክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ለአማርኛው ቢሰጥ፣ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው በታወቀ ነገር ላይ ይቀመጣል። ይህን ስል እንግሊዝኛውን ለመጥላት አይደለም። ያልገባኝን ነገር በማላውቀው ቋንቋ ብነገረው ሁለት ጊዜ አይገባኝም ለማለት ነው።

«ከሃምሳ ያላነሰ» እና «ከሃምሳ በላይ» አንድ አይደሉም። ሃምሳ ራሱ በመጀመሪያው ውስጥ አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ የለም። በምልክት ሲጻፍ ልዩነቱ ከሥር የምትሰመር አንዲት ትንሽ መስመር ናት። < እና > የሚሉት ምልክቶች በመጽሐፍ የታተሙት በ1631 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቶማስ ሃሪዮት የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ በወጣለት መጽሐፍ ላይ። «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ለማለት ከሥሩ መስመር መጨመር የመጣው ግን ከዚያ ወደ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው፤ ፒዬር ቡጌ የተባለ ፈረንሳዊ በ1734 እ.ኤ.አ. ተጠቅሞበታል። ይህች መስመር እንደ ዋዛ የምትታይ ነገር ናት። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ ከተፈተኑት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ከመቶ ልጆች ሦስት ወይም አራት ማለት ነው። በየሰፈሩ ወሬው «ከሃምሳ በላይ ያመጡት» እየተባለ ሲነገር፣ ልክ ሃምሳ ከመቶ ያገኘ ልጅ ቤቱ ተቀምጦ ይህን ሲሰማ ምን ብሎ ይሆን? በዚያች ትንሽ መስመር ላይ ነው የቆመው። ከኖረች አልፏል፤ ከሌለች ወድቋል።

ይህ ውጤት የመጣው በሒሳብ ደንብ መሸምደድ ብቻ ነው አልልም፤ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል፤ እኔም ያን ሁሉ ለመመርመር አቅም የለኝም። ነገር ግን ሦስት ዓይነት ደንብ ይዘን ከዕረፍት ወደ ክፍል የገባነው እኛ ሦስት ልጆችም ነገ የዚያ ፈተና ተፈታኞች ነን። አንድ ደንብ በትንሹ ተሳስቶ ቢያዝ የሚያርመው ምክንያቱ ነው። ምክንያቱ ከሌለ የሚያርመው የለም፤ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚቀረው፤ እርሱም የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

መምህራኖቻችን የሚመልሱልኝ መልስ እንዳለ አውቃለሁ። በአንድ ክፍል ስድሳ ያህል ሆነን ነው የምንማረው፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ ደቂቃዎች የታወቁ ናቸው፤ መጽሐፉ ማለቅ አለበት፤ ፈተናውም ምርጫ ስለሆነ ፊደል ማጥቆር እንጂ ምክንያት መጻፍ አይጠይቅም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚህም የሚከፋ እውነት አለ፤ ምክንያቱን ሊያስረዱን ሲጀምሩ «መምህር፣ ደንቡን ብቻ ይንገሩን» የምንል እኛው ነን። ሰሌዳው ላይ ምክንያት ሲጻፍ እስክሪብቶአችንን አስቀምጠን፣ በሣጥን የተከበበ ቀመር ሲጻፍ አንሥተን የምንገለብጥ እኛው ነን። ወላጆቻችንም ከፈተና ስንመለስ «ስንት አመጣሽ?» ይሉናል እንጂ «ምን ገባሽ?» ብለው አይጠይቁንም። ስለዚህ ጥፋቱን በመምህራን ትከሻ ላይ ብቻ ለመጫን አልቃጣም።

ዳሩ ግን የጊዜው ነገር እንደሚባለው መስሎ አይታየኝም። እኔ በዐባይ በረሃ ያየሁትን ነገር በሰሌዳ ላይ ለማሳየት አንድ የሚወርድ መስመርና ሁለት ነጥብ ይበቃል። ጊዜ የሚበላው ደንቡን በመስከረም አስተምሮ፣ በኅዳር ደግሞ አስተምሮ፣ በሰኔ ለክለሳ እንደ ገና ማስተማር ነው። ምርጫ ለሚባለውም ፈተና ቢሆን፣ ከአራቱ መልሶች መካከል አንድ ቁጥር አስገብቶ የሚሞክር ተማሪ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ወዲያው ይጥላል። መሞከር ደግሞ ምክንያትን የሚያውቅ ሰው ልማድ ነው።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። በየፈተናው መጨረሻ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ «ስለ ምን?» የሚል ይሁን፤ መልሱም በአማርኛ ቢጻፍ ነጥብ ይሰጥበት። የእንግሊዝኛ መምህራን እንዳይቀየሙኝ እንጂ የእንግሊዝኛውን ስሕተት በእንግሊዝኛ ክፍል ቢያርሙልን እንወዳለን። ደግሞም ያለ እኩልነትን ፈትቶ አንድ ቁጥር አስገብቶ ያልሞከረ ተማሪ መልሱ ትክክል ቢሆን እንኳ ሙሉ ነጥብ አያግኝ። ይህን ስል ጓደኞቼ እንደሚጣሉኝ አውቃለሁ። ከጎኔ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ገና ረቂቁን አንብባ ሦስት ቀን አኩርፋኛለች። በአራተኛው ቀን ግን አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርሁ።

ጥያቄዋ ይህ ነው። 3 ከ5 ያንሳል። ሁለቱን በ2 ብናባዛ 6 ከ10 ያንሳል፤ ምልክቱ አልተነካም። በ−2 ብናባዛ −6 ከ−10 ይበልጣል፤ ምልክቱ ተገለበጠ። ሁለቱን በዜሮ ብናባዛስ? ምልክቱ ይቆማል ወይስ ይገለበጣል ወይስ ምን ይሆናል? ስሎፑ ዜሮ የሆነ መንገድስ ምን ዓይነት መንገድ ነው? በእርሱ ላይ የሚሄዱ ሁለት መኪናዎች በከፍታ ማን ይበልጣል? መልሱን የሚያውቅ በሒሳብ ክበቡ ሰሌዳ ላይ ይለጥፍልን፤ ምክንያቱን ያልጻፈውን ግን አንቀበልም።